ያለ መምህር የብርሃን ደቀ መዝሙር

ከመተማ ወደ ሱዳን ተሻግሮ ገላባትን አልፎ ወደ ገዳሪፍ የሚያቀና መንገደኛ በመንገዱ የሚያገኛት ዶካ፣ ዙሪያዋን የማሽላና የሰሊጥ እርሻ የከበባት፣ በክረምት ጥቁር አፈሯ እግር የሚይዝ፣ በበጋ ትቢያዋ ሰማዩን የሚጋርድ ከተማ ናት። እንዲህ ባለው ስፍራ ካሜራ አንሥቶ፣ መምህርም ጉባኤም ሳይኖረው፣ ጥበቡን ከዓመት ዓመት የሚያሻሽለው ፎቶግራፍ አንሺ በምን መንገድ እንደሚማር ለአንባቢ ማስተዋወቅ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

የመጀመሪያው ትምህርቱ ፀሐይ ናት። ዶካ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 13 ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ፣ እኩለ ቀን ላይ በሰው አናት ትክክል ትቆማለች፤ በነሐሴ ደመናው ቢያስታግሣትም በሚያዝያ ግን ምሕረት ስለሌላት፣ ዓይን በቅንድብ ጥላ ይሰወራል፣ የአፍንጫም ጥላ በከንፈር ላይ ይወድቃል። ከጥንቶቹ ፎቶግራፍ አንሺዎች የተወረሰ አንድ ሥርዓት አለ፤ ይኸውም በጠራራ ፀሐይ የሌንሱን ቀዳዳ 16 በሚለው ቁጥር ላይ አድርጎ፣ አይ ኤስ ኦ የሚባለው ብርሃን የመቀበል መጠን 100 ቢሆን፣ መዝጊያውን ለአንድ ሰከንድ መቶኛ እጅ ብቻ መክፈት ነው። ይህን ያወቀ ሰው ካሜራው ሲሳሳት ያውቅበታል፤ ካሜራም እጅግ ይሳሳታል። ብርሃን ለኪው ያየውን ሁሉ ከነጭና ከጥቁር መካከል ያለ ግራጫ ነገር አድርጎ ስለሚቈጥር፣ ጥቁር ሰው ነጭ ጀላቢያ ለብሶ ወይም ነጠላ ተከናንቦ ከፊቱ ሲቆም፣ የልብሱ ንጣት ያታልለውና ሥዕሉን ሁሉ ያጨልመዋል፤ ጀላቢያው አመድ ይመስላል፣ ፊቱንም ጽልመት ይውጠዋል። መፍትሔው ቀርቦ ብርሃኑን ከፊቱ ላይ መለካት፣ ወይም ባለ ጉዳዩን ከፀሐይ አንሥቶ በበር ጥላ ሥር ማቆም ሲሆን፣ ይህን ብዙ ሰው የሚማረው ከመጽሐፍ ሳይሆን፣ ገንዘብ ከፍሎ ጉርድ ፎቶ የተነሣ ሰው ፊቱን አጥቶ ሲቈጣ ነው።

በዚህ ራስን በማስተማር መንገድ የሄዱ ታላላቆች ጥቂቶች አይደሉም። በዚያው በሱዳን፣ የባቡር ሐዲድ ከተማ በሆነችው በአትባራ፣ ረሺድ መህዲ የተባለው ሰው በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1923 እስከ 2008 በኖረበት ዘመኑ ጥበቡን በራሱ ተምሮ የአገሩን ሰው መልክ በስቱዲዮው አኑሯል። በአዲስ አበባም ሚካኤል ጸጋዬ በዚያው አቆጣጠር በ2002 ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሠዓሊ ሆኖ ከወጣ በኋላ የዘይት ቀለም ሰውነቱን ስላልተስማማው ብሩሹን ትቶ ካሜራ ያዘ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን በናይሮቢ የተወለደው መሐመድ አሚን ነው። በልጅነቱ በእጅ በዞረ አሮጌ ብራውኒ ካሜራ ጀምሮ፣ በ1984 የኮረምን ረኃብ ለዓለም እስከ ማሳየት ደረሰ፤ በ1991 አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ ክንዱን ካጣ በኋላም፣ በመካከለኛ ዕድሜው እንደ ጀማሪ ካሜራ አያያዝን በሰው ሠራሽ ክንድ እንደ ገና ተማረ። በ1996 በኮሞሮስ ባሕር በወደቀው፣ በተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ከሥራው አልተለየም።

መምህር የሌለው ሰው ግን የሚያርመውን ከወዴት ያገኛል? በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ ትናንት የቈጠረውን ቅኔ ዛሬ እንዲደግም እንደማይፈቀድለት ሁሉ፣ ይህም ሰው ያንኑ በር፣ ያንኑ የገበያ ጥግ በየጊዜው በአዲስ ብርሃን ሊያነሣ ይገባዋል፤ አራሚው ደግሞ ደብተሩ ነው። የዛሬ ካሜራዎች የቀዳዳውን ቁጥርና የመዝጊያውን ፍጥነት ራሳቸው ይመዘግባሉ፤ አንሺው ምን አስቦ እንዳነሣ ግን አይመዘግቡም፤ እርሱን ቀኑ ሳያልፍ በእጁ መጻፍ አለበት። ሥዕሉንም ወር ያህል አስቀምጦ፣ የማንሣቱ ደስታ ከልቡ ከበረደ በኋላ ቢመለከተው፣ ወዳጅ የሚሰውርበትን ነውር ያይበታል። አዲስ ሌንስ መግዛትን እንደ መማር የሚቈጥሩ ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን አንድ ሌንስ አንድ ዓመት ሙሉ ይበቃል ባይ ነኝ።

የሚቀረው ትምህርት ሰውን ማክበር ነው። በዶካ አቅራቢያ ያለው ኡም ራኩባ መጠለያ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ ረኃብ፣ ኋላም ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት የሸሹ ኢትዮጵያውያንን አስጠግቷል፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የገዳሪፍ ምድር የሱዳን የራሷን የጦርነት ተፈናቃዮች ጭምር ተሸክማለች። በእንዲህ ያለ ስፍራ ሳይጠይቁ ማንሣት፣ ሥዕሉ ምንም ቢያምር፣ ስርቆት ነው፤ ፈቃድ መለመንም እንደ ብርሃን ልክ በልምምድ የሚገኝ ጥበብ ነው። ስደተኛ ሲሸሽ የቤተ ሰቡን ሥዕል ጥሎ ይወጣልና፣ ሞባይልም ይጠፋልና፣ በዚያ ወሰን ካሜራ የያዘ አንባቢ ቢኖር፣ ከየወሩ ሥራው አንድ ሁለቱን በወረቀት አሳትሞ፣ በጀርባው ቀኑንና ስፍራውን ጽፎ፣ ለተነሣው ሰው እንዲሰጥ እለምነዋለሁ።