ከሞገድ ወደ ሚሞሪ፦ የድሮ ሬዲዮ ወዳጆችና ያቆዩት ቅርስ

ጋዜጣ ከተነበበ በኋላም ዕድሜ አለው፤ ዕቃ ይጠቀለልበታል፣ የጭቃ ቤት ግድግዳ ይለበጥበታል፣ ከዓመታት በኋላም አንዱ ቆሞ ያነበዋል። የሬዲዮ ፕሮግራም ግን ከተላለፈ አለፈ ነው። ሆኖም ወጋየሁ ንጋቱ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» ተራኪው ካረፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ በሚኒባስ፣ በፀጉር ቤትና በእጅ ስልክ ይሰማል። የደምሴ ዳምጤን የኳስ ዘገባ በዚያ ዘመን ያልተወለዱ ወጣቶች በቃላቸው ይሉታል። ማን አቆየው? ይህ ዳሰሳ የድሮ ሬዲዮን፣ ወዳጆቹንና የማቆያ መንገዶቻቸውን ይቃኛል። መልሱ ወደ አንድ ወገን ያደላል፤ ከጣቢያው ይልቅ አድማጩ ወደ ሠራው ሥራ።

ነገሩን ለማየት ኮላ ድባ ደህና ቦታ ናት። የምሥራቅ ደምቢያ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከጎንደር በስተደቡብ ምዕራብ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወደ ጣና በሚወርደው ሜዳ ላይ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ ስቱዲዮዎች ግን በመኪና መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይለያታል። እንዲህ ላለ ከተማ የድሮው ሬዲዮ ሠሪውን ሳያውቁ የሚወዱት ድምፅ ነበር።

ጣቢያዎቹ

የኢትዮጵያ ሬዲዮ ታሪክ የሚጀምረው በ1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ አጠገብ፣ አቃቂ ላይ በተተከለው ጣቢያ ነው። ብዙም ሳይቆይ የጣሊያን ወረራ መጣ፤ ንጉሠ ነገሥቱም የአገራቸውን አቤቱታ ለዓለም ያሰሙት በዚሁ ሞገድ ነበር። ከነጻነት በኋላ ሥርጭቱ እንደገና ሲቀጥል መቀበያ የነበረው ሰው ጥቂት ነበር። የአገሬው ጆሮ በሙሉ ወደ ሬዲዮ የዞረባቸው ቀኖች ከመንግሥት መናጋት ጋር ይያያዛሉ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት የአልጋ ወራሹ ንግግር በሬዲዮ ተሰማ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መውረድ፣ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም ከአገር መውጣት በዚያው ተነገረ።

ሁለተኛው ትልቅ ድምፅ ብሥራተ ወንጌል ነው። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በየካቲት 1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያስመረቀው ይህ ጣቢያ ለአፍሪካና ለእስያ በብዙ ቋንቋዎች ያሰራጭ ነበር። ከጊዜው ሠላሳ በመቶ ያህሉን ለስብከት፣ ቀሪውን ለትምህርትና ለመረጃ መመደቡ መመሪያው ነበር። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰውና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ። ዛሬም የቆዩ አድማጮች «የብሥራተ ወንጌል ጊዜ» ሲሉ ከጣቢያው ጋር ዘመኑንም ማለታቸው ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሬዲዮ ፋና ተጨመረ፤ የአማራ ሬዲዮም ከባሕር ዳር ሆኖ በመካከለኛና በአጭር ሞገድ ክልሉን ማዳረስ ጀመረ። በ1992 ዓ.ም. ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ በ2000 ዓ.ም. ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 መጡ። የኤፍ ኤም ዘመን ድምፁን አጠራው፤ ወሰኑን ግን አሳጠረው። አጭር ሞገድ ከላይኛው አየር ተንጸባርቆ አገር አቋርጦ ይወርዳል፤ የኤፍ ኤም ሞገድ ግን ተራራ ካገኘ እዚያው ይቀራል። የአዲስ አበባው ሸገር በሞገዱ ደምቢያ የማይደርሰው ለዚህ ነው፤ ጎንደር የራሷ የኤፍ ኤም ጣቢያዎች ያስፈለጓትም እንዲሁ።

ድንጋይ፣ ሽቦና ጎረቤት

በገጠርና በትንንሽ ከተሞች የሬዲዮ ጠላቱ የድንጋይ ዋጋ ነበር፤ ድንጋይ የሚባለው ባትሪው ነው። ባለቤቱ ለዜና ይከፍታል፣ ለትረካ ይከፍታል፣ በመሀል ያጠፋል። የደከመውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ሁለት ሦስት ቀን ያራዝመዋል። ከሬዲዮው ጫፍ የመዳብ ሽቦ ተቀጥሎ ጣራ ወይም ዛፍ ላይ ይሰቀላል። የቆዳ ልብሱ ከአቧራ ይጠብቀዋል። ማታ ማታ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎች ከሩቅ ስለሚመጡ መርፌው በጥንቃቄ ይዞራል፤ ድምፁ ይርቃል፣ ይቀርባል፣ ከሌላ ጣቢያ ጋር ይደባለቃል።

ይህ ቁጠባ የማዳመጥን ባሕርይ ወሰነ። አንድ ሬዲዮ ለአንድ ቤት አልነበረም። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ባለ ሬዲዮው ቡና ቤት ደንበኛ ይስባል፤ የሰማ ላልሰማ ይተርካል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ ሁለተኛ ሕይወት ነበረው፤ በማግሥቱ በእርሻ ላይ፣ በገበያ መንገድ፣ በለቅሶ ድንኳን ይደገማል። የዛሬው ፋይል መለዋወጥ የዚህ ልማድ ልጅ ነው።

ጆሮ ያልረሳቸው

ወዳጆቹ ሲሰባሰቡ ደጋግመው የሚያነሷቸው ፕሮግራሞች በአራት ወገን ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ትረካ ነው። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» የተባለው ዝግጅት ልብ ወለድን ማንበብ ለማይችለው ሁሉ አደረሰ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ አንደበት ሲተረክ ካህኑ፣ ባላባቱና ገበሬው በየራሳቸው ድምፅ ተናገሩ። ታሪኩ የሚፈጸመው ጎጃም ነው፤ የደምቢያ አድማጭ ግን የደብሩን ሥርዓትና የጌታና የጭሰኛን ነገር ከራሱ አገር ያውቀዋል። ፍቃዱ ተክለማርያምም በተራኪነቱ እንደ ተዋናይነቱ ይታወሳል። አንዳንዱ ሰው መጽሐፉን በኋላ ሲያነብ እንኳ የሚሰማው የተራኪውን ድምፅ ነው።

ሁለተኛው ስፖርት ነው። ቀዳሚው የስፖርት ዘጋቢ ሰሎሞን ተሰማ ባደላደለው መንገድ የመጣው ደምሴ ዳምጤ በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ በነበረው ዘገባ ስሙ ተተከለ። ኳሱን ያላየው አድማጭ ሜዳውን የሚሠራው በዘጋቢው ቃላት ነው፤ ትንፋሹ ሲያጥር የአድማጩም ያጥራል።

ሦስተኛው የመዝናኛ ዝግጅት ነው። የእሁድ ፕሮግራም ከታደሰ ሙሉነህ ስም ጋር፣ የዜና ንባብ ከዳሪዮስ ሞዲ ድምፅ ጋር ተያይዘው ይነሳሉ። የዘፈን ምርጫ ደግሞ የሬዲዮ ፖስታ ቤት ነበር። ወታደር ከግንባር ለእናቱ፣ ተማሪ ለአገሩ ልጆች ዘፈን ይመርጣል፤ ብዙ ሰው የሚጠብቀው ከዘፈኑ በፊት የሚነበበውን የስም ዝርዝር ነው።

አራተኛው ድራማ ነው። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ያዘጋጀው «የቀን ቅኝት» ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍሎች ተላለፈ። ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ትዳር የሚያስተምረውን ነገር በፍቅርተና በቤተሰቧ ኑሮ ውስጥ ደብቆ አቀረበው። ለኮላ ድባ የጤና ትምህርት እንግዳ አይደለም። በ1940ዎቹ አጋማሽ የወባ ወረርሽኝ በደምቢያ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲቋቋም፣ የከተማዋ ጤና ጣቢያ የተማሪዎቹ መለማመጃ ሆኖ ነበር። ባለሙያው በእግሩ ቤት ለቤት ዞሮ የሚያስተምረውን ድራማው በአንድ ምሽት ለሚሊዮኖች አሰማ፤ ልዩነቱ ባለሙያውን መጠየቅ ይቻላል፣ ሬዲዮውን ግን አይቻልም። አድማጭ ለጣቢያ ደብዳቤ የሚጽፈው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

ከውጭ የሚመጣ ድምፅ

የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ሥርጭት መጋቢት 6 ቀን 1957 ዓ.ም. ጀመረ፤ የአሜሪካ ድምፅ በ1975 ዓ.ም. ተከተለ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ለጀርመን፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ለአሜሪካ ሬዲዮውን መክፈት ለብዙ ቤተሰብ የራት ሰዓት ሥርዓት ነበር። በደርግ ዘመን የአማፅያንን ጣቢያ ማዳመጥ ያስጠይቅ ስለነበር ድምፁ ተቀንሶ፣ ብርድ ልብስ ተሸፍኖ ይደመጥ ነበር። ከዚያም ወዲህ ሞገድ የሚታፈንበት ጊዜ አልጠፋም፤ በ2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን ማፈንን በአደባባይ እስከ መከላከል ደርሰዋል። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ድምፅ በራሱ መንግሥት ውሳኔ ሲቋረጥ የብዙ ዓመት አድማጮች የተሰማቸው ባዶነት ከፖለቲካው ሰፋ ያለ ነበር፤ አንድ የምሽት ሰዓት ከኑሯቸው ተነሳ።

ከጎንደርና ከዙሪያዋ ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያንም ሬዲዮን ይዘው ሄደዋል። የእስራኤል ሕዝባዊ ሬዲዮ ለስደተኞች በሚያሰራጭበት ጣቢያ አማርኛ አለ፤ አውስትራሊያ ውስጥም ኤስ ቢ ኤስ በአማርኛ ያሰራጫል።

ማን ቀዳው?

የድሮው ፕሮግራም ሦስት ጊዜ ቤት ቀይሯል። በመጀመሪያ በጣቢያው ሪል ቴፕ ላይ ነበር። ቴፕ ውድ ስለሆነ በዓለም ዙሪያ ብዙ ጣቢያዎች አሮጌውን አጥፍተው አዲስ ይቀዱበት ነበር፤ ቢቢሲ እንኳ ካጠፋቸው ሥራዎች ጥቂት የማይባሉት ዛሬ ከአድማጮች እጅ ተለምነው ይመለሳሉ። ሁለተኛው ቤት ካሴት ነው። ባለ ካሴት ሬዲዮ ሲስፋፋ አድማጩ ከሞገዱ ላይ በቀጥታ ቀዳ፤ ሙዚቃ ቤቶችም ትረካዎችን አባዝተው ሸጡ። ሦስተኛው ሚሞሪ ነው። ስልክ ጠጋኙ በሁለት ጣት በምትያዝ ካርድ ላይ ሙሉ ልብ ወለድ ይጭናል፤ ከዚያ ዩቲዩብና ቴሌግራም ተረከቡት።

በአሜሪካ የድሮ ሬዲዮ ወዳጅነት የቆየ ነው። የሬዲዮ ድራማ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1962 እንዳበቃ ሰብሳቢዎች በየጓዳው የቀሩ ዲስኮችን ፈልገው አሰባሰቡ። ብዙው የተረፈው ፕሮግራም ለጦር ሠራዊት ሬዲዮ በዲስክ ተባዝቶ ስለነበር ነው፤ አስመራ በቃኘው የጦር ሰፈር የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮችም የራሳቸው እንዲህ ያለ ጣቢያ ነበራቸው። የአሜሪካ ሰብሳቢዎች ከእኛዎቹ የሚለዩበት አንድ ነገር አለ፤ ለእያንዳንዱ ቅጂ የተላለፈበትን ቀን፣ የተዋናዮቹን ስምና የቅጂውን ምንጭ ይመዘግባሉ።

የጎደለው

የእኛ ወዳጅነት ጠንካራ ነው፣ መዝገቡ ግን ደካማ ነው። በቴሌግራም የሚዘዋወር ትረካ ብዙ ጊዜ መጀመሪያው ተቆርጧል። የአዘጋጁ፣ የድምፅ ባለሙያውና የመሸጋገሪያውን ሙዚቃ የመረጠው ሰው ስም የሚነገረው በዚያች መግቢያና መዝጊያ ላይ ነበር። ዘፈኑ እንዲጠራ ሲባል ዜናው ይቆረጣል፣ ማስታወቂያው ይጣላል፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ታሪክ ጸሐፊ የሚፈልገው ግን ምናልባት ማስታወቂያውን ነው። ከሁሉ በላይ የተጎዳው በቀጥታ የተላለፈው ዝግጅት ነው፤ መጽሐፉ ስላለ ትረካ ቢጠፋ ሌላ ተራኪ ያነበዋል፣ የአንድ እሁድ ጠዋት ጨዋታ ግን ምትክ የለውም።

ሥራው ከባድ አይደለም። ደምቢያ ውስጥ በሳጥን የተቀመጠ ካሴት ያለው ቤተሰብ ሳይቆርጥ ከዳር እስከ ዳር ወደ ፋይል ይገልብጠው፤ ማን እንደቀዳው፣ በየትኛው ዓመት ገደማና ከየትኛው ጣቢያ እንደሆነ በፋይሉ ስም ላይ ይጻፍበት። የአገር ሽማግሌዎች ድምፅ ለይተው የአንባቢውን ስም መጥራት ይችላሉ፤ ተማሪ ልጆቻቸው ያንን ይመዝግቡ። ጣቢያዎችም ማህደራቸውን ለአድማጭ ከፍተው የጎደላቸውን ይጠይቁ። አድማጩ እስካሁን ቅርሱን ያቆየው በፍቅር ብቻ ነው፤ ቀኑንና ስሙን ከጨመረበት ያቆየው ድምፅ ለታሪክም ምስክር ይሆናል።