በሌላ ሰው ስም መሥራት፦ የዩኒክስ የተጠቃሚ ቃላት በአማርኛ

1. የነገሩ መነሻ

እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ቤተ ሙከራዎች የተጀመረው ዩኒክስ፣ በእርሱም አርአያ የተሠራው ሊኑክስ፣ አንድን ኮምፒዩተር ብዙ ተጠቃሚዎች የሚጋሩባቸው ሥርዓተ ክወናዎች ናቸው። እያንዳንዱ ተጠቃሚ ስምና ቁጥር አለው፤ መብቱን የሚወስነው ግን ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ 0 የሆነው ተጠቃሚ የሌሎችን ፋይሎች ሁሉ ለማንበብ፣ ለመለወጥና ለማጥፋት ይችላል። በራሱ ስም የገባ ሰው ሳይወጣ በሌላ ተጠቃሚ መብት መሥራት ሲያስፈልገው፣ በትእዛዝ መስመር ላይ «ኤስዩ» ወይም «ሱዱ» የሚባሉትን ትእዛዞች ይጠቀማል። የትእዛዞቹ ስሞች ለመሣሪያው የሚጻፉ ስለሆኑ አይተረጐሙም። ተርጓሚን የሚያስቸግረው ድርጊቱን የምንጠራበት ቃል ነው።

2. «መቀየር» እና «መተካት»

በመጀመሪያ የሚታሰበው ቃል «መቀየር» ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ልብሱን ቀየረ ስንል የቀድሞውን አውልቋል ማለታችን ነው። በ«ኤስዩ» ጊዜ የቀድሞው አይወልቅም፤ አዲሱ በላዩ ይደረባል። ሠራተኛው የመውጫውን ትእዛዝ አንድ ጊዜ ቢሰጥ የሚወጣው ከላይኛው ብቻ ነው፤ በታች የራሱ መግቢያ ክፍት ሆኖ ይጠብቀዋል። «ቀየርኩ» ብሎ ያሰበ ሰው አንድ ጊዜ ወጥቶ መሣሪያውን ትቶ ቢሄድ፣ በራሱ ስም የተከፈተውን በር ለአላፊ አግዳሚው ትቷል። ጉዳዩ የቃላት ውበት ብቻ አይደለም የምንለው ስለዚህ ነው።

የ«ኤስዩ» ብያኔ ራሱ ተለዋውጧል። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው የመጀመሪያው የዩኒክስ መምሪያ ትእዛዙን ልዩ መብት ያለውን ተጠቃሚ መሆን ብሎ ሲገልጸው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ሰባተኛው እትም የተጠቃሚን መለያ ለጊዜው መተካት አለው። ይሁንና የአማርኛው «መተካትም» ያው ችግር አለበት፤ ዳኛው በሌላ ዳኛ ተተካ ቢባል የፊተኛው ከወንበሩ ተነሥቷል።

3. «በስም»

አማርኛ ለዚህ ፅንሰ ሐሳብ የቆየ አነጋገር አለው። በእገሌ ስም ፈረመ፣ በእገሌ ስም ተከራከረ ስንል፣ ፈራሚውና ተከራካሪው ማንነታቸውን አልተዉም፤ የሚሠሩት ግን በሌላው መብት ነው። «እንደ ራሴ» ከማለት የመጣው እንደራሴ፣ «ምስለ እኔ» ከማለት የመጣው ምስለኔ የተባሉት የሹመት ስሞችም የተመሠረቱት በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። የታሪክ ትዝታ ስላለባቸው ለሙያ ቃልነት አናቀርባቸውም፤ ሆኖም ሠሪውንና የሥልጣኑን ባለቤት መለየት ለቋንቋችን እንግዳ እንዳልሆነ ያስረዳሉ።

በዚህ መሠረት ሁለቱን ትእዛዞች በግስ መለየት ይቻላል። «ኤስዩ» በሌላ ተጠቃሚ ስም መግባት ነው፤ የሚጠይቀውም የዚያን የሌላውን የይለፍ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ ቦብ ኮግሻልና ክሊፍ ስፔንሰር በቡፋሎ በሚገኘው የኒው ዮርክ ግዛት ዩኒቨርሲቲ የጻፉት «ሱዱ» ደግሞ በሌላ ተጠቃሚ ስም ማስፈጸም ነው። እርሱ እንደ ልማዱ የሚጠይቀው የአዛዡን የራሱን የይለፍ ቃል ነው፤ ለማን ምን እንደተፈቀደ ከተጻፈበት ፋይል ያመሳክራል፤ ማን ምን እንዳዘዘም ይመዘግባል። ሁለቱን በአንድ ቃል የተረጐመ መምሪያ፣ አንባቢው የማንን የይለፍ ቃል እንደሚሰጥ አያስታውቀውም።

4. ሁለቱ መለያዎችና «ሩት»

ይህ አሠራር የሚቻለው ዴኒስ ሪቺ ባመነጨውና እ.ኤ.አ. በ1979 የፈጠራ መብት በተሰጠበት ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ምልክት የተደረገበት ፕሮግራም የሚሠራው በጠሪው ሳይሆን በፋይሉ ባለቤት መብት ነው። ስለዚህ አንድ ሥራ ሁለት መለያ ይኖረዋል፤ እንግሊዝኛው አንዱን «ሪል»፣ ሌላውን «ኢፌክቲቭ» ይላቸዋል። የፊተኛውን «እውነተኛ» ብንለው ሁለተኛው ሐሰተኛ ይመስላል፤ ሁለተኛውን «ውጤታማ» ብንለው ደግሞ ሥራው የተሳካለት ማለት ይሆናል። «መነሻ መለያ» እና «የሥራ መለያ» ቢባሉ ከሁለቱም ስሕተት ይጠብቃሉ።

ቁጥሩ 0 የሆነው ተጠቃሚ «ሩት» ይባላል፤ የዛፍ ሥር ማለት ነው። ነገር ግን «ሥር» በአማርኛ የበታችነትንም ያመለክታል፤ «በእርሱ ሥር ነው» ማለት ይታዘዘዋል ማለት ነው። «የሥር ተጠቃሚ» ቢባል የሁሉ አዛዥ የሆነው የሁሉ ታዛዥ ይመስላል። ስለዚህ ስሙ «ሩት» ተብሎ ይቈይ፤ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ሩት እንዳይምታታ ግን ማዕረጉ «ባለ ሙሉ ሥልጣን ተጠቃሚ» ተብሎ ይጨመርበት።

5. ለውይይት የቀረቡ ስያሜዎች

ኤስዩ ማድረግ፦ በሌላ ስም መግባት
ሱዱ ማድረግ፦ በሌላ ስም ማስፈጸም
ሪል መለያ፦ መነሻ መለያ
ኢፌክቲቭ መለያ፦ የሥራ መለያ
ሱፐር ዩዘር፦ ባለ ሙሉ ሥልጣን ተጠቃሚ

የእነዚህ ስያሜዎች መመዘኛ አጭርነታቸው ብቻ ሊሆን አይገባም። የሠራው ማን ነው፣ የተሠራውስ በማን ስም ነው ለሚሉት ሁለት ጥያቄዎች አንባቢው ሳይደናገር መልስ ካገኘባቸው ተግባራቸውን ፈጽመዋል።