በብርድ የሚበረታው ሴራሚክ፣ ጠላቱም ቀዳዳ

የሸክላ እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘው ስለሚያልበው ነው። ጭቃው ተቃጥሎም ደቃቅ ቀዳዳዎች ይቀሩበታል፤ በነሱ በኩል የወጣው ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ስልካችሁ ውስጥ ያሉት በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የሴራሚክ ካፓሲተሮችም እንደ እንስራው በእሳት ያለፉ ናቸው። እነሱ ላይ ግን ቀዳዳ ጠላት ነው።

ካፓሲተር ቻርጅ ለአፍታ ይዞ የሚለቅ ዕቃ ነው። የሴራሚኩ አቅም የሚለካው ባዶ ቦታ ከሚያስይዘው ስንት እጥፍ ያስይዛል ተብሎ ነው። የአየር ቁጥር 1 ነው ማለት ይቻላል።

በስልክ የተለመደው ባሪየም ታይታኔት ከባድ ብርድ ሲያገኘው ይደክማል። እንደ ኳንተም ኮምፒውተር ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ አካባቢና ከዚያም በታች ለሚሠራ መሣሪያ ታዲያ ምን ይሻላል? ዘመዱ ስትሮንቲየም ታይታኔት አለ። በክፍል ሙቀት 300 ገደማ የሆነው ቁጥሩ እዚያ ብርድ ውስጥ ከ20,000 ይበልጣል። ሙለርና ቡርካርድ በ1979 እንዳሳዩት፣ አተሞቹ ወደ አንድ ወገን ተጠግተው ሊረጉ ሲሉ የኳንተም ንዝረት አያስረጋቸውም። ለዚህ ነው ቁጥሩ ከፍ ብሎ የሚቀረው።

ግን ይህ የነጠላ ክሪስታል ቁጥር ነው። ከዱቄት የተሠራ ሴራሚክ ሌላ ጣጣ አለው። እስቲ እናስላው፦ ከውፍረቱ አንድ ሺህኛ የምታህል የአየር ስንጥቅ ከዳር እስከ ዳር ብትገባበት፣ በክፍል ሙቀት 300 የነበረው ወደ 230 ይወርዳል። ይቻላል። በብርዱ ግን 20,000 የነበረው ወደ 950 ያሽቆለቁላል! ቁሱ በጎበዘ ቁጥር ትንሿ አየር ይበልጥ ታስከፍላለች።

ስለዚህ ትግሉ ያለው እቶኑ ላይ ነው። ስትሮንቲየም ካርቦኔትና ታይታኒየም ኦክሳይድ ተቀላቅለው አስቀድመው ይቃጠላሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ያኔ ካልወጣ ኋላ ቀዳዳ ይሆናል። ከዚያ በደንብ ይፈጫል፣ በመጭመቂያ ይጠቀጠቃል፣ 1,400 ዲግሪ አካባቢ ይጠበሳል። ሳይቀልጥ ቅንጣቶቹ ይጣበቃሉ፣ ቁራጩም በግልጽ ይኮማተራል። መጠጋጋቱን ለማወቅ የአርኪሜዲስ ዘዴ ይበቃል፤ አየር ላይ መመዘን፣ ውሃ ውስጥ መመዘን። ምንም ቀዳዳ ባይኖረው በኩቢክ ሴንቲሜትር 5.12 ግራም ያህል ይመዝን ነበር።

እሳቱን ጨምሮ መገላገል አይቻልም ወይ? አይሆንም። ቅንጣቶቹ ቸኩለው ካደጉ ቀዳዳውን ውጠው ያስቀሩታል፤ ከዚያ ወዲያ ቢጠበስም በቀላሉ አይወጣም።