ከቅጠሉ በታች ያለው ደን

ከቦሌ እስከ ሲኤምሲና አያት ድረስ ዐፈር ማለት ለሕንፃ መሠረት ተቆፍሮ በሲኖትራክ የሚጋዝ ነገር ነው፤ ውስጡ ማን እንደሚኖር የሚጠይቅ የለም። በነዚሁ ሰፈሮች ካፌዎች የሚጠጣው የወለጋ ቡና በሚበቅልበት አገር ግን፣ ዐፈር ለዐፈር የሚኖር እግር አልባ እንስሳ አለ። ላየው ሰው ረዘም ያለ የመሬት ትል ወይም ትንሽ እባብ ይመስላል። ግን አከርካሪ፣ መንጋጋና ጥርስ ያለው፣ እርጥብ ቆዳው በቀለበት በቀለበት የተከፋፈለ የእንቁራሪት ዘመድ ነው። የዚህ ወገን እንስሳት ሲሲሊያን ይባላሉ፤ ስሙ የመጣው «ዕውር» ከሚለው የላቲን ቃል ነው። ትንሽ ግፍ ያለበት ስም ነው፤ ዐይናቸው ቢደክምም በዐይንና በአፍንጫ መካከል የምትወጣ መዳሰሻ አለቻቸው፣ ጨለማ ውስጥ ሽታ የምትለቅምላቸው እሷ ናት። በዓለም ከ200 በላይ ዝርያዎች ቢኖሩም በኢትዮጵያ የሚታወቀው አንድ ብቻ ነው። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቴይለር ወለጋ፣ አለኩ ከተገኘ ናሙና ተነሥቶ በ1970 እ.ኤ.አ. ሰየመው፤ ማርቫሊ ዌክ ደግሞ በ1987 «ሲልቫሲሲሊያ» የሚል የራሱ ምድብ ሰጠችው።

እንዲህ ያለ እንስሳ «ብርቅዬ» ሲባል ቁጥሩ ያነሰ ይመስለናል። የሚያንሰው መታየቱ ነው፤ ዝሆን ቆሞ ይቆጠራል፣ ይህ ግን ካልቆፈሩለት የለም ይባላል። ስለዚህ የሚኖርበት ደን ደህና መሆኑን በዛፉ ብቻ መለካት አያዋጣም። ዛፉ ከተጠበቀ ዐፈሩም አብሮ ይጠበቃል የሚል ይኖራል። በቡና ደን ግን ጥላው እንዳለ ሆኖ ሥሩ ይመነጠራል፣ የረገፈው ቅጠል ይጠረጋል፤ ከላይ ሲታይ ደን ነው፣ ከታች ግን ደርቋል። ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከኬንያ ይመጣል፤ የታይታ ኮረብቶች ሲሲሊያን በገበሬ ማሳም ይኖራል። ነገር ግን የታይታው ከእንቁላል ሲወጣ ወላጁን መስሎ ነው፣ ውሃ አይፈልግም። የእኛው ዕጭ የሚያድገው ውሃ ውስጥ ስለሆነ እርጥብ ዐፈርም ጅረትም፣ ሁለቱም ተቀራርበው ያስፈልጉታል፤ ዛፉ ሳይነካ ጅረቱ ቢደፈርስ ወይም ቢጠለፍ የሚጎዳው እሱ ነው። ሳተላይት ይህን አያይም። በክረምት፣ ዶማ ይዞ፣ የበሰበሰ ግንድ እያገላበጡ ፍለጋውን ከጅረት ዳር መጀመር ያስፈልጋል።