ያውቁ ኖሯል? ኤልኢዲውም ኪውኤልኢዲውም ኤልሲዲ ነው

ሀዋሳ ፒያሳ ቴሌቪዥን ሲገዙ «ኤልኢዲ ይሻላል ወይስ ኪውኤልኢዲ?» ብለው ቢጠይቁ፣ ሁለቱም ኤልሲዲ መሆናቸውን ሻጩ ላይነግርዎ ይችላል። ከኋላ በጥቃቅን አምፖሎች ይበራሉ፤ ኪውኤልኢዲ ቀለም የሚያደምቅ ስስ ንጣፍ ይጨመርበታል። ሌላው ዓይነት፣ ኦኤልኢዲ፣ ግን የኋላ መብራት የለውም፤ የስክሪኑ እያንዳንዷ ነጥብ ራሷ ትበራለች፣ ጥቁር ሲያስፈልግም ጭራሽ ትጠፋለች። ማታ ፊልም ለሚያይ ወደር አይገኝለትም። የሀዋሳ ፀሐይ በመስኮት ለሚገባበት ሳሎን ግን ደማቁ ኪውኤልኢዲ ይሻላል። ቀኑን ሙሉ አንድ ጣቢያ ለሚከፍት ካፌም ኦኤልኢዲ አይመከርም፤ ጥግ ላይ የማይነቃነቀው የጣቢያ አርማ ስክሪኑ ላይ ጥላውን ሊተው ይችላል። የቀድሞው ፕላዝማ ቴሌቪዥንም ይኸው ጣጣ ነበረበት። ፓናሶኒክ በ2013፣ ሳምሰንግና ኤልጂ በ2014 እ.ኤ.አ. ማምረቱን ትተውታል፤ «አዲስ የገባ ፕላዝማ አለ» ካሉዎት ዋጋ አይከራከሩ፣ ይውጡ።