አሮጌው መፍቻ ስንት ጥርስ አለው?

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያረጀ ብረት ብዙውን ጊዜ መጨረሻው ቀጥቃጭ ቤት ነው፤ ማረሻ ወይም መጥረቢያ ይሆናል። ይህም ክፋት የለውም። ሆኖም ከኤን ትሬ መኪና ዘመን የቀረ ባለ ጥርስ መፍቻ፣ ይኸውም ራቼት የሚባለው፣ ካጋጠመን እሳት ሳይገባ ልንለየው ይገባል።

በመጀመሪያ ዝገቱን በላምባ እናጥባለን። መሞረድ ግን አይገባም፤ ማህተሙ ይጠፋልና። ማህተሙ ዕድሜውን ይናገራል። «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ከሆነ ከ1949 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የተሠራ ነው፤ ያ አገር ከዚያ ወዲያ በዚህ ስም አልተጠራም።

ቀጥሎ ጥርሱን እንቆጥራለን። ቡሶላ የሚሰካበትን አራት ማዕዘን አጥብቀን ይዘን፣ እጀታውን ወደሚለቀው አቅጣጫ አንድ ሙሉ ዙር ስናዞረው ቀጭ ቀጭ ይላል። 24 ጊዜ ካለ፣ 360 ለ24 ሲካፈል፣ እርምጃው 15 ዲግሪ ነው። 72 ካለ ግን 5 ዲግሪ ብቻ! ደቃቅ ጥርስ የሚፈለገውም ለዚህ ነው፤ እጅ በማያፈናፍን ሞተር ሥር ጥቂት ወዝወዝ ማድረግ ይበቃዋል።

እንግዲህ ነገ በየወረዳው ስንመደብ ማዕዘንን በጠመኔ ብቻ ከምናስተምር፣ አንድ አሮጌ መፍቻ ለተማሪ እጅ እንስጥ። ቀጥቃጩም ብረቱን ገዝቶ እንደሆነ ዋጋውን ከፍለን እናስቀረው።