ዘንባባው የሚቆጥረው ምንድን ነው?
የተደጋገመ የጀብዱ ሽልማት በሜዳይና በሪባን ላይ የሚገለጽበት ሥርዓት

አንድ ወታደር ለጀብዱ የተሸለመውን ሜዳይ ዳግመኛ የሚያሰጥ ሥራ ሲሠራ፣ በብዙ አገሮች ሠራዊት ያው ሜዳይ ሁለተኛ በደረቱ ላይ አይንጠለጠልም። በምትኩ በመጀመሪያው ሜዳይ ሪባን ላይ ትንሽ የብረት ምልክት ይታከላል። ምልክቱ ዘንግ፣ ኮከብ፣ ቅጠል ወይም ዘንባባ ሊሆን ይችላል። የቆዩ ፎቶግራፎችንና በየቤተሰቡ የተቀመጡ ሜዳዮችን እንደ ታሪክ ምንጭ ለሚጠቀም ተመራማሪ ግን ምልክቱን መለየት ብቻውን አይበቃውም። ምልክቱ በየትኛው ደንብ እንደሚቆጠር ማወቅም ይኖርበታል።

የመጀመሪያው ደንብ ምልክቱን ከሜዳዩ ጋር የሚደምር ነው። በ1856 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የብሪታንያ ቪክቶሪያ መስቀል ለሁለተኛ ጊዜ ሲሰጥ በሪባኑ ላይ አግድም ዘንግ ይጨመራል። በታሪኩ ይህን ያገኙት አርተር ማርቲን ሊክ፣ ኖኤል ቻቫስና ቻርልስ አፓም ብቻ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሐኪሞች ነበሩ። ሜዳዩ ሳይደረግ ሪባኑ ብቻ በሚለበስበት ጊዜ ዘንጉ አይታይም። ስለዚህ በቪክቶሪያ መስቀል ሪባን ላይ ሁለት ጥቃቅን መስቀሎች ይደረጋሉ፤ በሌሎቹ የብሪታንያ የጀብዱ ሜዳዮች ሪባን ላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ ዘንግ አንዲት አበባ መሰል ምልክት ትሰፋለች። በአሜሪካ ምድር ጦር ምልክቱ የኦክ ዛፍ ቅጠል ነው። አንድ የነሐስ ቅጠል አንድ ተጨማሪ ሽልማትን፣ አንድ የብር ቅጠል አምስት ተጨማሪ ሽልማቶችን ያመለክታል። ሁለት የነሐስ ቅጠል ያለው ሜዳይ እንግዲህ ሦስት ጊዜ የተሰጠ ነው።

ሁለተኛው ደንብ ምልክቱን ራሱን ብቻ የሚቆጥር ነው። በ1915 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የፈረንሳይ የጦር መስቀል የሚሰጠው በጦር ትእዛዝ ላይ በስም ለተመሰገነ ሰው ነው። የነሐስ ዘንባባ በሠራዊት ደረጃ የተሰጠን ምስጋና፣ ኮከብ ደግሞ ከዚያ በታች ባለ ክፍል የተሰጠን ምስጋና ያሳያል። አምስት የነሐስ ዘንባባ በአንድ የብር ዘንባባ ይተካል። ሦስት ዘንባባ ሦስት ምስጋና ነው፤ እንደ አሜሪካው አንድ አይጨመርበትም።

ሦስተኛው ደንብ የኢትዮጵያ ነው። ከድል በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት የተሰጠው የአርበኝነት ሜዳይ በሕይወት ታሪኮች ውስጥ ብዙ ጊዜ «ባለ 5 ዘንባባ» ወይም «ባለ 3 ዘንባባ» ተብሎ ይጠቀሳል። እዚህ ዘንባባው የሚቆጥረው በትግል ያለፉትን ዓመታት ነው። አምስት ዘንባባ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የዘለቀውን የአምስት ዓመት ተጋድሎ ይወክላል። የፈረንሳዩን ደንብ የለመደ አንባቢ ግን አምስት የተለያዩ ጀብዱዎች አድርጎ ሊቈጥረው ይችላል።

ልዩነቱ ምን ያህል ትርጉም እንዳለው የደቡብ ምዕራቡ ታሪክ ያሳያል። ዛሬ የሸካ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ማሻ ያኔ የነበረችው በኢሉባቦር ግዛት ነው። የግዛቱ ዋና ከተማ ጎሬ ንጉሠ ነገሥቱ ከተሰደዱ በኋላ የልዑል ራስ እምሩ መቀመጫ ሆና ነበር። በነቀምት የተመሠረተው የጥቁር አንበሳ ማኅበርም ከራስ እምሩ ጋር ተሰለፈ። ጦሩ ወደ ከፋ አቅጣጫ እያፈገፈገ ከተዋጋ በኋላ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጁን ሰጠ፤ ራስ እምሩም ወደ ጣሊያን ተወስደው ታሰሩ። በዚያ ዘመቻ የተሰለፈ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ የቱንም ያህል ጀብዱ ቢፈጽም የተማረከበት ጊዜ የትግል ዘመኑን ያሳጥረዋል። በጫካ እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው ደግሞ ዘመኑ ይረዝማል። ዓመትን የሚቆጥር ምልክት የመጀመሪያውን ሰው ጀግንነት ሊለካ አይችልም፤ ለዚያም አልተሠራም። ሁለቱን ሰዎች በዘንባባ ቍጥር ማወዳደር ጽናትን ከጀብዱ ጋር ማምታታት ይሆናል።

ነገሩ ይበልጥ የሚወሳሰበው በአንድ ደረት ላይ ሁለት ደንብ ሲገናኝ ነው። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቆች በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ሲዋጉ፣ ከአባሎቻቸው መካከል የአሜሪካ የጀብዱ ሜዳይ የተሸለሙ ነበሩ። በአሜሪካው ሜዳይ ላይ የሚታይ ቅጠል በአሜሪካ ደንብ፣ ከጎኑ ያለው የአርበኝነት ሜዳይ ዘንባባ በኢትዮጵያ ደንብ ይነበባል። ደረጃ ያላቸው ሽልማቶችም ለብቻቸው መታየት አለባቸው። የኢትዮጵያ የክብር ኮከብ ኒሻንን በመሰለ ባለ አምስት ደረጃ ኒሻን፣ ከፍ ያለ ደረጃ ማግኘት ዕድገት እንጂ የያው ሽልማት ድግግሞሽ አይደለም።

ለመስክ ሥራ ከዚህ የሚከተሉት ነጥቦች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ምልክቱ ከመተርጎሙ በፊት ቅርጹ፣ ብዛቱና የብረቱ ዓይነት እንደታየው ይመዝገብ። ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ነሐስን ከብር አይለይም፤ በአሜሪካው ቅጠል ይህ የአንድና የአምስት ልዩነት ነው። ሁለተኛ፣ የሜዳዩ ስም ሳይታወቅ ምልክቱ አይቆጠር። ሦስተኛ፣ ከሜዳዩ ጋር የተሰጠ የምስክር ወረቀት ካለ ከሜዳዩ እኩል ይታይ፤ ብረቱ የማይናገረውን ምክንያት የሚይዘው ወረቀቱ ነውና። በማሻና በአካባቢዋ የአርበኛ ቤተሰብ ሣጥን የሚከፈትለት ተማሪ እነዚህን ሦስቱን ከጠበቀ፣ ለባለ ሜዳዩ ያልሠራውን አይጨምርለትም፤ የሠራውንም አይቀንስበትም።